በጠባብ ኮንዶሚኒየም የስፌት ዕቃና ቁም ሳጥን በትንሽ ወጪ እንዴት ላደራጅ?

ጥያቄ፦ ሰፊዋ ከጀሞ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን። ቤቱ የኪራይ ነው። እኔ እቤት እሰፋለሁ፤ የሐበሻ ቀሚስ፣ የልጆች ልብስ፣ አንዳንዴ መጋረጃና የትራስ ልብስ። ጥልፍም እጠልፋለሁ።

የስፌት መኪናዬ ያለችው መኝታ ቤቱ ጥግ፣ መስኮቱ ስር ነው። ከጎኗ 1 ሜትር ከ80 ያህል ባዶ ግድግዳ አለ። ጨርቁ ግን በፌስታል በፌስታል ሆኖ ወለሉ ላይ ተቆልሏል። አንድ ዚፕ ስፈልግ ሁሉንም መዘርገፍ አለብኝ። ቁልፍ፣ ክር፣ ላስቲክ፣ ዳንቴል አንድ ላይ ተደበላልቋል። ትንሹ ልጄ ደግሞ መሄድ ጀምሯል። መርፌና መቀስ እጁ እንዳይገባ እሳቀቃለሁ።

ያለን ቁም ሳጥን አንድ ባለ ሁለት በር ነው። የአራታችንም ልብስ፣ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሰፍቼ የጨረስኩት የደንበኛ ቀሚስ ሁሉ እዚያው ነው። በሩ ሲከፈት ከላይ ያለው ይወርዳል። አዲስ ለመግዛት አሁን አቅም የለኝም። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ሚስማር ሲመታበት ልስኑን ይዞ ይወርዳል። አከራያችን "ስትለቁ ከደፈናችሁት ብሱት" ብለውናል። በራሳችን እጅ ምን እንሥራ?

መልስ፦ ባለ ጥልፏ

እህቴ፣ አይዞሽ፤ ጨርቅ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ምንም ነገር ሳትገዢ በፊት ግን ሁሉንም አውጥተሽ ለዪ። በየቀኑ የምትነኪው ለብቻ፣ ለበዓል ሰሞን ብቻ የሚፈለገው ለብቻ፣ ጨርሶ የማትነኪው ለብቻ። ሦስተኛው ክምር ከጠበቅሽው በላይ ይሆናል። ከመዳፍ ያነሰ ቁርጥራጭ አትቁጠሪው፤ የትራስ መሙያ አድርጊው። የማይለበስ ልብስ ካለ ልዋጭ ሲመጣ በመዘፍዘፊያ ወይም በልብስ መስቀያ ለውጪው። መስቀያ ደግሞ ያስፈልግሻል።

ለጨርቁ እኔ የምጠቀምበትን ልንገርሽ። ሱቅ የሚጣል ካርቶን ለምኚና 25 በ30 ሳንቲም እየለካሽ ቁረጪ። ሁሉም እኩል ይሁን፤ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ጨርቁን በርዝመቱ አጥፈሽ ስፋቱን ወደ 28 ሳንቲም አምጪው። ከዚያ በካርቶኑ ላይ ጠምጥሚው። ጫፉን በስፒል ያዢው። ስፒሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት ሰክተሽ "2 ሜትር ከ40፣ ፖሊስተር" ብለሽ ጻፊ። መደርደሪያ ላይ አታነባብሪው፤ የታጠፈው ጎን ወደ አንቺ ዞሮ እንደ መጽሐፍ ይቁም። አንዱን ስትስቢ ሌላው አይፈርስም። ደንበኛ መጥታ "ይሄ ቀለም ይበቃል ወይ?" ስትልሽ ሜትር ሳታወጪ ትመልሻለሽ።

መልስ፦ አናጢው ከአየር ጤና

ስለ ግድግዳው እኔ ልናገር። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ሚስማር ሲመታበት ስሱን የብሎኬት ፊት ይሰነጥቀዋል እንጂ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ከባድ ዕቃ አትስቀሉ። ጨርቅ ሲከማች ድንጋይ ነው የሚሆነው። መደርደሪያው ወለል ላይ ቆሞ ክብደቱን ራሱ ይሸከም። ግድግዳው ሥራው መደርደሪያውን እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ይሁን።

ቺፕውድ አንድ ሙሉ ቅጠል 122 በ244 ሳንቲም ነው። ውፍረቱ 18 ሚሊ የሆነውን ውሰዱ። የሚሸጡበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መቁረጫ ማሽን አለ፤ እዚያው አስቆርጡት፤ በእጅ መጋዝ ጠርዙ ይፈረካከሳል። ቅጠሉን በቁመቱ እያንዳንዱ 30 ሳንቲም የሆነ አራት ቦታ አስተርትሩት። ከሁለቱ ላይ 180፣ 180 ሳንቲም ይቆረጥ፤ እነዚህ የጎን ቋሚዎች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ፣ 80 ሳንቲም 80 ሳንቲም ይሁኑ። ስድስት መደርደሪያ ወጣ ማለት ነው። ከአንድ ቅጠል ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ ወደ 84 ሳንቲም የሆነ ሙሉ መደርደሪያ ታገኛላችሁ። ከ80 አስበልጣችሁ አታርዝሙት፤ በጨርቅ ክብደት መሀሉ ይጎብጣል።

ቺፕውድ በጠርዙ በኩል ሲታሰር ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ከቪቴው ቀጠን ባለ መብሻ ብሱት፣ ኮላ ቀቡት፣ ከዚያ ቪቴውን አስገቡ። ጀርባውን በስስ ኮምፔንሳቶ ዝጉት፤ ለማማር ሳይሆን እንዳይወላገድ ነው። እግሩ ላይ 5 ሳንቲም ያህል ሞራሌ አስገቡለት። ቤት ሲወለወል ቺፕውድ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

አሁን ግድግዳው ጋ እንመለስ። ግድግዳውን አንኳኩት። "ዱብ ዱብ" የሚለው ባዶው ነው። ደፈን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ኮለኑ ወይም ቢሙ፣ ማለትም የኮንክሪቱ ምሰሶ ወይም አግዳሚ ነው። መደርደሪያውን ወደ ኮለኑ ጥግ ማስጠጋት ከተቻለ እዚያ እሰሩት። ካልተቻለም ብሎኬቱን በ8 ቁጥር መብሻ ብሱት፤ ድሪሉ ግን የመዶሻው ነገር ጠፍቶ በመሽከርከር ብቻ ይሁን። ካልሆነ ውስጡን ያፈርሰዋል። ረዘም ያለ የ8 ፊሸር (ቪቴውን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና መደርደሪያውን ከላይ በሁለት የኤል ቅርጽ ብረት እሰሩት። ይህቺን ነገር እንዳትተዋት አደራ። መሄድ የጀመረ ልጅ መደርደሪያ ላይ ይንጠላጠላል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

እኔ ስለ ትንንሹ ነገር። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን ትሪ አትጣዪው። ንጹሕና ደረቅ የሆነውን ምረጪ። ቁልፍ በየቀለሙ፣ ከመኪናዋ ስር የሚገቡት ትንንሽ የክር መጠቅለያዎች፣ መንጠቆ፣ ሁሉም የየራሱ ጎድጓዳ ቦታ ይኖረዋል። ትሪው መሳቢያ ውስጥ ልክ ይገባል፤ ሁለት ቢነባበርም ችግር የለም።

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከወገቡ በላይ ቁረጪው። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፤ በቁራጭ ጨርቅ ለብጪው። ዚፕ በርዝመቱ ለይተሽ አቁሚበት። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በአንድ ጎኑ ከተከፈተ እጀታው እንዳለ ስለሚቀር እንደ መሳቢያ እየሳብሽ ታወጪዋለሽ። በትኩስ ውኃና በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢው፤ ዘይት ጨርቅ ከነካ አይለቅም። የዱቄት ወተት ጣሳ ለላስቲክና ለዳንቴል ይሆናል፤ ክዳን ስላለው አቧራ አይገባም።

ለስፒልና ለመርፌ ደግሞ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ፈልጊ። ሬድዮ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ስር በኮላ ለጥፊው። ስፒሉን ከሩቅ ብትወረውሪው እንኳ ይይዘዋል። ማታ ወለሉን በዚያው ማግኔት ዳሰስ አድርጊ። እኔ ቤት ልጆቹ በባዶ እግራቸው ስለሚሮጡ ሳላደርገው አልተኛም። መቀስ ግን ምንም ዓይነት ጣሳ ውስጥ አይቀመጥ። ከላይኛው መደርደሪያ ጎን ሚስማር ምቺና ስቀይው።

መልስ፦ ቆጣቢው

ለቁም ሳጥኑ ናፍታሊን አትርሺ። ርካሽ ነው፤ ብል ድርሽ አይልም።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ ሕፃን ባለበት ቤት እኔ አልመክርም። ነጭ ከረሜላ ነው የሚመስለው። ከተዋጠ ደግሞ መርዝ ነው። ሽታውም የደንበኛ ቀሚስ ላይ ይቀራል።

መልስ፦ እማማ ከጎንደር

ልጄ፣ ናፍታሊኑን ተዪው። ብል የሚወደው ሱፍና ሐር ነው። ጥጥ የሚነካው ላብ ወይም የወጥ ጠብታ ካለበት ነው። ስለዚህ ጋቢም ነጠላም አንዴም ቢሆን ከተለበሰ ሳይታጠብ አይቀመጥ። አሚዶ ተደርጎበትም አይክረም፤ ነፍሳት ይጠራል። በደንብ ይድረቅ። በክረምት "ደርቋል" ብለሽ ያጠፍሽው ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ጉንጭሽ ላይ አድርጊውና ቅዝቃዜ ከተሰማሽ ገና ነው።

ነጭ ልብስ በላስቲክ አትጠቅልዪ፤ ይታፈንና ቢጫ ይሆናል። ጋዜጣ ቀለሙን ይለቅበታል። ካርቶንም እየቆየ ያቀልመዋል፤ ከላይ ያለችው ልጅ ያለቻት ካርቶን ለሥራ ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ለነጭ ሸማ ግን አይሁን። የታጠበ አቡጀዲ ወይም ያረጀ ነጭ አንሶላ ነው የሚሻለው። ጥለቱን አታጥፊው፤ ጠቅልዪው። በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈ ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ወርቀ ዘቦ ያለበት ከሆነ መሀሉ ላይ አቡጀዲ ጣል አድርጊበት፤ ሌላውን ጨርቅ ይስበዋል። መስከረም ሲጠባ አውጥተሽ ጥላ ላይ አናፍሺው። ፀሐይ ላይ ከዋለ የጥለቱ ቀለም ይለቃል። ጠጅ ሳር ብታደርጊበት ጠረኑ ደስ ይላል፤ ብል ግን አይገድልም።

የስንደዶ ሙዳይ ካለሽ የጥልፍ ክር ማስቀመጫ አድርጊው። አየር ያስገባል፤ እንግዳ ፊትም ያምራል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ አፓርታማው ሲሠራ ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ውስጥ አብሮ ነው የሚሠራው። ቢሆንም መሞላቱ አይቀርም። የሚጠቅመው ባዶ የቀረውን አየር መጠቀም ነው።

የቁም ሳጥንሽን መስቀያ ዘንግ እዪው። የልጆች ልብስ ተሰቅሎ ከስሩ ባዶ ቦታ ይቀራል። የመጥረጊያ እንጨት ውሰጂና በሁለት ጠንካራ ሲባጎ ከላይኛው ዘንግ ላይ ወደ ታች አንጠልጥዪው፤ 80 ሳንቲም ያህል ዝቅ ይበል። ልጆቹ ከታች፣ ሸሚዝና ጃኬት ከላይ። ረጅሙ የሐበሻ ቀሚስ ሌላው ግማሽ ላይ ለብቻው ይንጠልጠል። የደንበኛ ልብስ ላይ አሮጌ አንሶላ አንገቱ ጋ ቀዳዳ አድርገሽ አልብሺው፤ ከእናንተ ልብስ ጋር አይደባለቅም፤ አቧራም አያገኘውም።

ከበሩ ጀርባ ያለውን ቦታ ማንም አያስታውሰውም። ያረጁ ሰልባጅ ጂንሶች ኪሳቸውን ከነጀርባው ቆርጠሽ ጠንካራ ጨርቅ ላይ በየረድፉ ስፊያቸው። ላይኛውን ጫፍ በእንጨት ወጥረሽ በሩ ጀርባ ስቀዪው። ሜትር፣ ጠመኔ፣ የመኪና ዘይት፣ ማስመሪያ፣ ካልሲ ሳይቀር ይገባበታል። ለአንቺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጋቢና ብርድ ልብሱን ከቁም ሳጥኑ አውጪው። አልጋ ስር ሻንጣ ይገባል። ጎማው የተሰበረ ሻንጣ ሁሉ ቤት አለ፤ ከዘመድ ጠይቂ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የቺፕውዱን አቆራረጥ ወረቀት ላይ እየሣለ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሰፈራችን ግንባታ ስላለ ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት ርብራብ) በነፃ ይሰጡናል፤ ከቺፕውድ ይሻላል? ወይስ ምናለሽ ተራ ሄደን ያገለገለ መሳቢያ ብንፈልግ? ሁለተኛ፣ ከመደርደሪያው ሌላ የሚቀረውን ወደ 95 ሳንቲም ግድግዳ ምን ላድርገው?

መልስ፦ አናጢው ከአየር ጤና

ፓሌት ጠንካራ እንጨት ነው፤ ግን ማኅተሙን እዩ። ከውጭ የመጣ ፓሌት ጎኑ ላይ የተቃጠለ ምልክት አለው። "ኤችቲ" የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ውሰዱት። "ኤምቢ" የሚለው በተባይ ማጥፊያ ጋዝ የታጠነ ነው፤ መኝታ ቤት አይግባ። ምልክት የሌለውንም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም ተዉት። ከዚያ ሚስማሩን ነቅላችሁ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ፈትጉት። ስንጣሪው ጨርቅ ይስባል፤ ስለዚህ ለዋናው መደርደሪያ ቺፕውዱን እመርጣለሁ። ፓሌቱ ለሌላው ግድግዳ ይሁን።

ምናለሽ ተራ ያገለገለ መሳቢያ ይገኛል፤ ዋጋውን ተከራከሩ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት በስልክ መብራት መጋጠሚያውንና የቪቴ ቀዳዳውን እዩት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ነው። የተገዛውንም ቤት ሳይገባ ደጅ ላይ የፈላ ውኃ መጋጠሚያው ላይ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ይህ ለጣውላ ነው፤ ቺፕውድ ከሆነ ውኃ አታስነኩት፤ ትኋን ካለበትም ከነጭራሹ አትግዙት።

ለ95 ሳንቲሟ እንዲህ አድርጉ። ከፓሌቱ ሳንቃ ሁለት 90 ሳንቲም ቁረጡና ከመኪናዋ ጎን፣ ተቀምጠሽ እጅሽ በሚደርስበት ከፍታ እሰሯቸው። የሚሸከሙት ክር ብቻ ስለሆነ በየሳንቃው ሦስት ፊሸር ይበቃል። ያለ ራስ ሚስማር በ5 ሳንቲም ልዩነት፣ ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ምቱ፤ የክር መጠቅለያው በየሚስማሩ ይሰካል። ሳንቃውን መጀመሪያ ወለል ላይ አስቀምጣችሁ ሚስማሩን ጨርሱ፤ ግድግዳ ላይ ካሰራችሁት በኋላ ብትመቱ ፊሸሩ ይላላል። ከመስኮቱም አርቁት፤ ፀሐይ የጥልፍ ክር ቀለም ይመጥጣል።