«ያየናቸው ዕለት»፦ እንግዳው የማይታይበት የሕዝብ ፎቶግራፍ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ ባወጣሁት አልበም ውስጥ በአንድ ፖስታ የተቀመጡ አራት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች አገኘሁ። ሦስቱ ላይ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ባርኔጣ፣ ሻሽ፣ ወደ ላይ የተዘረጉ እጆች፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን። በአራተኛው ላይ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ፣ በመካከሉ ግራጫ ጭረት የመሰለ ነገር ያልፋል። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈው «ያየናቸው ዕለት» የሚል ብቻ ነው። አንቱታው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበብኝ፤ የታዩት ሰው ወንድ ይሁኑ ሴት፣ አንድ ይሁኑ ብዙ፣ ከቃሉ መለየት አልቻልኩም።

በቤተሰባችን ዘንድ ሲነገር የኖረው፣ ፎቶግራፎቹን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያነሡት አያቴ እንደሆኑ ነው። አያቴ በሥራቸው ምክንያት ቤተሰባቸውን ይዘው ከአገር አገር ስለተዘዋወሩ ቦታውን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም። እንግዳው ማን እንደነበሩ ለማወቅ ከየት ልጀምር? የእናቴ ታናሽ እኅት በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን ስለዚያ ቀን ስጠይቃቸው «ሰው ብዙ ነበር» ከማለት አያልፉም።

መልስ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የቆዩ ፎቶግራፎችን በመለየትና በመመዝገብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ የማውቀውን ላካፍልሽ። ምክሬ እንግዳውን መፈለጉን ለጊዜው ትተሽ ሕዝቡን እንድታነቢ ነው፤ በእንዲህ ያሉ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ላይ መረጃው ያለው በአብዛኛው እዚያ ነውና።

በመጀመሪያ ግራጫውን ጭረት ተመልከቺው። በዘመኑ በየቤቱ የነበረው ቀላሉ የሣጥን ካሜራ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ባለች ትንሽ መስተዋት የሚነጣጠር ሲሆን፣ መዝጊያው የሚከፈተው ለአንድ ሴኮንድ ሃምሳኛ ወይም ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ ነበር። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ፍጥነት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ በቅርብ የሚያልፍ መኪና ግን ይደበዝዛል። ስለዚህ ጭረቱን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። «ያየናቸው» የተባሉት ሰው እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በሌሎቹ ሦስት ላይ ጀርባ ብቻ መታየቱም ካሜራው ደረት ላይ እንደተያዘ የሚያመለክት ይመስለኛል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ይዘሽ ሁለት ነገር ፈልጊ። ምስሉ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ከሆነ ከጋዜጣ ወይም ከመጽሔት የተቆረጠ ነው ማለት ነው፤ የታዋቂ እንግዶች ጉብኝት በፖስታ ካርድና በታተመ ምስል ይሸጥ ስለነበር፣ ቤተሰቡ ያላነሣው ፎቶግራፍ በቤተሰቡ አልበም ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው። ነጥብ ከሌለው ደግሞ ፊቶቹን አንድ በአንድ እለፊያቸው። ሁሉም ወደ እንግዳው ሲያይ ወደ ካሜራው የዞረ አንድ ፊት ካለ፣ ያ ሰው ፎቶ አንሺውን የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከባለ ሥልጣኑ ይልቅ የዚያን ፊት ማንነት አስቀድሜ እፈልግ ነበር።

ዘመኑን በተመለከተ ወረቀቱን ጠይቂው። የገንዘብ ኖት ለመመርመር የሚያገለግለውን ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሪበት። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ኬሚካል በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የተለመደው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። አለማብራቱ ግን ብቻውን ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም። ፊትና ጀርባው ላይ ላስቲክ የሚመስል ሽፋን ካለው ደግሞ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ የታተመ ነው። በነጩ ጠርዝ ላይ ወርና ዓመት ታትሞ ብታገኚ ደስ ይበልሽ፤ ሆኖም ያ ቀን ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሣበት ላይሆን ይችላል፤ ፊልም ካሜራ ውስጥ ወራት ይቆይ ነበር። ይህ ሁሉ የሚነግርሽ የወረቀቱን ዕድሜ መሆኑንም አትርሺ። ከአሮጌ ኔጋቲቭ (ፎቶው ከሚታተምበት የታጠበ ፊልም) አዲስ ቅጂ ማሳተም ሁልጊዜም ይቻል ነበርና።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦታውን በሰሌዳዎችና በሕንፃዎች ከመለየትሽ በፊት ምስሉ ተገልብጦ አለመታተሙን አረጋግጪ። የወንዶች ኮት ሁሉ በተቃራኒው ወገን ተቆልፎ ከታየ፣ ኔጋቲቩ በጀርባው በኩል ታትሟል፤ ግራውም ቀኙም ተለዋውጧል። ቀንና ቦታ የሚመስል ነገር ስታገኚ ደግሞ የአየሩን ሁኔታ ከዘመኑ ጋዜጣ ጋር አስተያዪው። የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ዩሪ ጋጋሪን በሐምሌ 1961 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዟን ከተማ ማንቸስተርን ሲጎበኝ ዝናብ እየጣለ በክፍት መኪና ነበር የተጓዘው፤ ደረቅ መንገድና አጭር ጥላ የሚታይበት ፎቶግራፍ የዚያ ቀን ሊሆን አይችልም።

ሌላ መልስ

ወንድማችን ባሉት ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን፣ ጃማይካ ሲደርሱ፣ ሕዝቡ ጥበቃውን አልፎ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ስለጎረፈ ንጉሠ ነገሥቱ ለተወሰነ ጊዜ ሳይወርዱ ለመቆየት ተገደው ነበር። የራስተፈሪ እምነት ተከታዮች ዕለቱን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ያን ቀን መሬት ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሣ ሰው ከፍ ብሎ ከሚታየው አውሮፕላን በታች የያዘው የሰው ባሕር ነው። ንጉሡ ባይታዩበትም የቀኑ ታሪክ እዚያ ፎቶ ላይ አለ፤ እንዲያውም የሕዝቡ መገፋፋት ራሱ የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። የእናትሽንም ፎቶግራፍ እንግዳው ስላልታዩበት ያልተሳካ አድርጌ አላየውም።

ተጨማሪ ምክር

በመልሶቹ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። እባክሽ ግምትሽን ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ አትጻፊው። በእኛ ቤት አንድ ዘመድ በጥሩ ልብ የአንድ ታዋቂ ሰው ስም በብዕር ጻፉበት፤ ቀለሙ ከጀርባው ዘልቆ በአያቴ ጉንጭ ላይ ወጣ። ስሙም በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ እኛ ልጆቹ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እውነት ነው ብለን ስናወራው ኖረናል። የእናትሽን ጽሑፍ እንዳለ ተዪው፤ አዲስ ያወቅሽውን በተለየ ወረቀት ላይ፣ ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽ ጨምረሽ ጻፊ።

ፎቶግራፎቹ በሚጣበቅ ገጽ ላይ ካሉ በጉልበት አትላጫቸው፤ ከነገጹ ስካን አድርጊያቸው። ፊቱንም ጀርባውንም ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንሥተሽ፣ የምስሉን ጥራት በማይቀንሰው በቲፍ (TIFF) ፋይል አስቀምጪ። ፖስታውንም አትጣዪው። አክስትሽን ደግሞ «ማን መጣ?» ብለሽ ከመጠየቅ «ምን ለብሰሽ ነበር? ማን ይዞሽ ሄደ?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ይሻላል። ሰው የእንግዳውን ስም ቢረሳ እንኳ የገዛ እግሩን ድካም አይረሳም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከአክስቴ ጋር ተቀምጠን የነገራችሁኝን ሁሉ አደረግን። አራቱም በመብራቱ ሥር አበሩ፤ ስለዚህ ቢያንስ እነዚህ ቅጂዎች የታተሙት ከጦርነቱ በኋላ ነው። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ፣ ከታች በግራ በኩል፣ ወደ ካሜራው የዞረች አንዲት ልጅ አገኘን። ፊቷ አውራ ጣቴን አያክልም፤ አንድ እጇን ወደ ታች ዘርግታ የሆነ ነገር ታሳያለች።

አክስቴ በአጉሊ መነጽሩ ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ጫማዬ ነው» አሉ። በግፊያው መካከል አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ስለጠፋ ለእኅቷ እየጮኸች ነበር። ካሜራውን የያዘችው እናቴ ነበረች፤ ከአያቴ ተውሳው፣ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና። በአራቱም ላይ እናቴን ፈልጌ ያጣኋት ለዚህ ኖሯል። አክስቴ እንግዳው ማን እንደነበሩ አሁንም አያስታውሱም፤ ወደ ቤት የተመለሱት ግን በእናቴ ጀርባ ታዝለው እንደነበር ነገሩኝ። ይህንን ከነቀኑ በተለየ ወረቀት ጽፌ ፖስታው ውስጥ አስቀምጫለሁ።