«ከ50 በታች የሚጠቀመው ተደጉሟል» ላሉት ሰውዬ፦ መጥተው ግንቦትን ድሬ ይደሩ

የለገሃሬ ፉርጎ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ ስለ መብራት ታሪፍ ሲያወራ «በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚጠቀመው ደሃ ተደጉሟል፣ አይጎዳም» አለ። ሻይዬን ልደፋው ነበር። እኛ ግቢ አምስት ተከራይ አለ፣ ቆጣሪው ግን አንድ። አምስታችን ተደምረን እንዴት ነው 50 የማናልፈው? ቆጣሪው እኮ አምስት ደሃ አይቆጥርም፣ አንድ ሀብታም ነው የሚቆጥረው።

ሳቢያን ማዶ፦ አቦ ማጋነን ትወዳላችሁ። የታሪፍ ጭማሪው መስከረም 2017 ሲጀመር በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት እንደሚሄድ ተነግሯል። ስንት ዓመት ኪሎዋት ሰዓቱን በ27 ሳንቲም ስትጠቀሙ አንድ ሰው አመሰገነ? ቬንትሌተር ሌት ተቀን እያስጮሁ ድጎማ መጠየቅ ቅንጦት ነው።

ኡሙ ቀፊራ፦ ቅንጦት??? ልጄ ግንቦትና ሰኔ የት ነው የምትውለው?

የለገሃሬ ፉርጎ፦ እስቲ እናስላው። ባለ 60 ዋት ቬንትሌተር ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 7 ቀረችህ። በሷ አምፖል አብራ፣ ስልክ ቻርጅ አድርግ፣ እንጀራ ጋግር። ምጣድ አንድ ሰዓት ሲሰካ ብቻ ከ3 በላይ ነው የሚወስደው።

ሳቢያን ማዶ፦ ሌት ተቀን ማን አስበራህ? እኛ ድሮ አልጋ ግቢ አውጥተን ነው የተኛነው። ማንም አልሞተም።

ኡሙ ቀፊራ፦ የቱ ግቢ? ግቢው ላይ ሦስት ሰርቪስ ተሠርቶ ተከራይቷል። ደግሞ ውጭ ተኝቶ ለትንኝ? የ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚሉት የትንኝ በሽታ ቤት ለቤት ሲያስነክሰን ረሳኸው? እኔ እስከ ዛሬ ጉልበቴን ያመኛል።

ሳቢያን ማዶ፦ ይኸው ከታሪፍ ወደ ትንኝ ገባን።

ባለ አራት ክፍል፦ አከራይ ነኝ፣ ስድባችሁን ለምጄዋለሁ። ቢል ሲመጣ በአምፖል ቁጥር ነው የማካፍለው፣ ፍሪጅ ያለው ይጨምራል። ምጣድ ከልክያለሁ። ሌሊት ደብቀው ይሰካሉ፣ ጠዋት ግቢው እንጀራ እንጀራ ይሸታል 😂 እኔ ምን ላድርግ?

የለገሃሬ ፉርጎ፦ ለየክፍሉ ቆጣሪ አስገባ።

ባለ አራት ክፍል፦ አንተ ትከፍላለህ? ተከራዩ በስሙ ያስገባ ብል ደግሞ የቤት ማስረጃ ይባላል። ከየት ያመጣል?

ደቻቱ ዳር፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። ለምን ቆጣሪው ይደጎማል? ሰውየው ይደጎም። ችግረኛን የሚረዳው የከተማ ሴፍቲኔት 2009 ላይ ሲጀመር ድሬ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች፣ ማን ችግረኛ እንደሆነ የተለየበት መዝገብ አለ። በሱ የመብራት ቢሉን በከፊል ይሸፍኑለት። ሳቢያን ላይ ብቻውን በአንድ ቆጣሪ የሚኖር ላጤ፣ ውሎው ሆቴል፣ እራቱ ሆቴል፣ 50 ሳይሞላ ይደጎማል። ስድስት ልጅ ይዛ በጋራ ቆጣሪ የምትኖር እናት ግን አትደጎምም። ይሄ ምን ይባላል?

ሳቢያን ማዶ፦ መዝገብ አልክ? እዚህ አገር መዝገብ ማለት የአጎት ልጅ ስም ዝርዝር ነው። ቆጣሪ ቢያንስ ዘመድ የለውም።

ደቻቱ ዳር፦ «ቆጣሪ ዘመድ የለውም»። ወላሂ ቲሸርት ላይ ማሳተም ነው።

ኡሙ ቀፊራ፦ ዘመድ ባይኖረውም ደሃን ከሀብታም አይለይም እኮ።

የድሬ ልጅ አዲስ፦ እዚህ አዲስ አበባም የጋራ ቆጣሪ ያው ነው፣ ድሬን ልዩ አታድርጓት። ሙቀቱም ቢሆን ያን ያህል…

ኡሙ ቀፊራ፦ አንተ ጃኬት ለብሰህ ነው የምታወራው። ዝም በል።

የድሬ ልጅ አዲስ፦ ከዚራ ተወልጄ!

የለገሃሬ ፉርጎ፦ ከዚራማ ድሮም ዛፍ ጥላ ስር ናችሁ። እኛ ቆርቆሮ ስር ነን።

ባለ አራት ክፍል፦ ሳቢያን ማዶ፣ አንተ ቤት ቬንትሌተር የለም?

ሳቢያን ማዶ፦ አለ። ሌሊት ብቻ ነው የማበራው።

ጎረቤት 3፦ አቦ እግዜርን ፍራ። ኤሲ ነው ያለህ። ውሃው የኛ ግድግዳ ላይ ነው የሚንጠባጠበው።

ሳቢያን ማዶ፦ የወንድሜ ነው። ደግሞ ተበላሽቷል።

ጎረቤት 3፦ ተበላሽቶ ነው ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያደረው?