ሲአርፒ ያለበት የእርሻ መሬት ስገዛ ክፍያው ወደ እኔ ይዞራል?

አዲስ ገዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ 80 ኤከር ልገዛ ነው። 34ቱ ኤከር በሲአርፒ (መሬቱ ሳይታረስ በሣር ተሸፍኖ እንዲቆይ መንግሥት ለባለመሬቱ በየዓመቱ ኪራይ በሚከፍልበት የጥበቃ ፕሮግራም) ሣር የተያዘ ነው፤ ውሉ 6 ዓመት ይቀረዋል። የመንግሥት ክፍያው በስሜ እንዲሆን ምን ላድርግ? ግሪን ካርድ ይበቃል? ሣሩ ላይ በግ ማሰማራትስ?

ባለ ፎርሙ፦
ግሪን ካርድ ይበቃል። ውሉ ግን መሬቱን ተከትሎ በራሱ አይመጣም። ከሽያጩ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ካውንቲው ውስጥ ባለው የኤፍኤስኤ (የግብርና ሚኒስቴሩ የእርሻ አገልግሎት) ቢሮ ቀርበህ ካልተረከብከው ይፈርሳል። ያኔ ሻጩ እስካሁን የወሰደውን ከነወለዱና ከነቅጣቱ መልስ ይባላል። ለዚህም ነው ሻጮች «ገዢው ሲአርፒውን ካልተረከበ ዕዳው የእሱ ነው» የሚል አንቀጽ የግዢ ውሉ ውስጥ የሚያስገቡት። ፈልገህ አንብበው።

ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚፈጸምበት ቀን) በፊት ሻጩን ሲአርፒ-1 የሚባለውን ውል፣ የጥበቃ ዕቅዱንና ከአየር ላይ የተነሳውን የማሳውን ካርታ ጠይቀው። የኤከሩ ብዛት፣ የአንድ ኤከር ኪራይና ማብቂያው ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል። ኪራዩ እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ ለምሳሌ በኤከር 150 ዶላር ቢሆን 34 ኤከር በዓመት 5,100 ያመጣል። ክፍያው ከኦክቶበር 1 በኋላ፣ ላለፈው ዓመት፣ ባንዴ ይገባል። ስለዚህ በጁን ከገዛህ የዘንድሮውን ማን እንደሚወስድ በጽሑፍ ተስማሙ።

ቢሮ ስትሄድ የተመዘገበውን ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) ያዝ። እዚያ ሦስት ፎርሞች ትሞላለህ፦ ኤዲ-1026 (የአፈርና የረግረግ መሬት ጥበቃ ቃል)፣ ሲሲሲ-902 (የእርሻ ሥራ ዕቅድ) እና ሲሲሲ-941። የመጨረሻው የገቢ ማረጋገጫ ነው፤ ጣሪያው በዓመት በአማካይ 900,000 ዶላር ነው። በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስም ከገዛህ የእያንዳንዱ አባል መረጃ ይፈለጋል፤ የአንዱ ፊርማ ሲጎድል ክፍያው እዚያው ይቆማል።

ሣር አዋቂ፦
በጉን ቆም አድርገው። ያለፈቃድ ማሰማራት ውል ማፍረስ ነው። የጥበቃ ዕቅዱ ተሻሽሎ ከተፈቀደልህ ግጦሽ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ነው፤ የዚያ ዓመት ክፍያ 25 በመቶ ይቀነሳል። ድርቁ በድርቅ ካርታው ዲ2 (ከባድ ድርቅ) ሲደርስ የሚፈቀደው የአደጋ ጊዜ ግጦሽ ግን ቅናሽ የለውም።

እኔ ከፎርሙ ይልቅ የምፈራው ሣሩን ነው። ከረከብክ በኋላ ሽፋኑ ቢጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ። ሳትገዛ በፊት ማሳውን በእግርህ ዙረው፦ የካናዳ ቲስል (እሾሃማ አረም)፣ የዛፍ ችግኝ፣ ጎረቤት አርሶ የገባበት ጠርዝ። ጠርዙ ላይ ካርታውን ከመሬቱ ጋር አስተያየው፤ ሁለት የማረሻ መስመር እንኳ ጣጣ ያመጣል። አረሙን ለማጨድ ደግሞ ከሜይ 15 እስከ ኦገስት 1 ወፎች የሚፈለፍሉበት ስለሆነ ያለፈቃድ ማሽን አይገባም። ብዙ ሰው ቲስሉ ሲያብብ ደንግጦ የሚያጭደው በዚሁ ወቅት ነው!

እንደገና መዝራት ካስፈለገ የአገሬው ሣር ዘር ሩብ ኢንች ያህል ብቻ ይቀበር። አፈሩ ተጠቅጥቆ ጫማህ ብዙም የማይሰምጥበት ይሁን፤ ለስልሶ የታረሰ መሬት ዘሩን ይውጠዋል። የዘሩን የምርመራ ወረቀትም ጠይቅ። በ2016 አዮዋ ውስጥ ፓልመር አማራንት፣ የአሉማችን ክፉ ዘመድ፣ በጥበቃ ዘር ድብልቅ ተቀላቅሎ ገብቷል።

ታክስ ጠባቂ፦
ክፍያው በ1099-ጂ (የመንግሥት ክፍያ በሚገለጽበት የታክስ ፎርም) ይመጣል። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ቢሮ) የግል ሥራ ገቢ ነው ብሎ 15.3 በመቶውን ይፈልጋል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ክፍያ የሚቀበል ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ገበሬ ላልሆነ ባለመሬት ግን ክፍያው ኪራይ እንጂ የሥራ ገቢ አይደለም ብሎ የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል፤ ሚኒሶታም በዚያው ሥር ናት። አይአርኤስ ውሳኔውን አልቀበልም ስላለ በዚህ መንገድ የምትሄድ ከሆነ የእርሻ ታክስ የሚያውቅ ሰው ያዝ።

አዲስ ገዢ፦
የቀረውን 46 ኤከርስ አሁኑኑ ማስገባት እችላለሁ?

ባለ ፎርሙ፦
አትችልም። ለአዲስ ማመልከቻ መሬቱ 12 ወር በእጅህ መቆየት አለበት፤ በውርስ የመጣ ካልሆነ። የነበረን ውል ለመረከብ ግን ይህ አይጠየቅም።