በግል በኮንትራት ለሚሠራ ሰው የቢዝነስ ዲግሪ መማር ያዋጣል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና ጥገና ላይ በግሌ በኮንትራት የምሠራ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ዋጋ የማቀርበው፣ ውል የምፈርመው፣ ዕቃ የምገዛው፣ ከሥራው ላይ የምቆመውና ክፍያ የምጠይቀው እኔው ራሴ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ መልክ ሠርቻለሁ፤ በሙያዬ በኩል ቅሬታ ቀርቦብኝ አያውቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ነው። ባለፈው ዓመት ከቀደሙት ዓመታት ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቼ ሳለ፣ በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረው ገንዘብ ከበፊቱ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። በቁርጥ ዋጋ የተዋዋልኩት አንድ ትልቅ ሥራ እንዳከሰረኝ የገባኝ፣ ሥራው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ደረሰኞቼን አንድ በአንድ ስደምር ነው። ከገቢዬ 70 በመቶ የሚሆነው ከሁለት ደንበኞች ይመጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ክፍያ ባዘገየ ቁጥር ለረዳቶቼ የምከፍለው ከቁጠባዬ እያወጣሁ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያስተምር ትምህርት መኖሩን አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልተማርኩትም።

ስለዚህ በማታው መርሐ ግብር በቢዝነስ አስተዳደር የመጀመሪያ ዲግሪ ለመመዝገብ እያሰብኩ ነው። የተቸገርኩት የሚመክሩኝ ሰዎች ሁሉ ተቀጣሪዎች በመሆናቸው ነው። ለእነሱ ዲግሪ ማለት የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪ ነው፤ እኔ ግን ደረጃ የሚሰጠኝ አለቃ የለኝም። በኮንትራት እየሠራችሁ የተማራችሁ፣ ወይም ለመማር አስባችሁ የተዋችሁ ካላችሁ፣ ውሳኔያችሁን በምን ላይ እንደመሠረታችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

መልስ 1

እህቴ፣ የግል ባለሙያዎችን ሒሳብ በመያዝ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የጻፉትን ሳነብ የብዙ ደንበኞቼን ጉዳይ ያየሁ መሰለኝ። ስለ ዲግሪው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ዋጋ ሲያቀርቡ ትርፍዎን የሚያሰሉት እንዴት ነው? ብዙ ሰው ወጪውን ደምሮ 25 በመቶ ይጨምርበትና ትርፌ 25 በመቶ ነው ብሎ ያስባል። ወጪው 100 ከሆነ የሚያቀርበው ዋጋ 125 ይሆናል፤ ትርፉ ግን ከዋጋው አንጻር ሲታይ ከ125 ላይ 25፣ ማለትም 20 በመቶ ነው። ቀጥሎ ደንበኛው 20 በመቶ እንዲቀንስለት ሲጠይቀው፣ አምስት በመቶ ይቀርልኛል በሚል ስሌት ይስማማል። ከ125 ላይ 20 በመቶ ሲነሳ የሚቀረው 100 ስለሆነ፣ ያለ ምንም ትርፍ ሠርቶ ይወጣል። የራሱን የጉልበት ዋጋ ከወጪው ጋር ሳይደምር ከተነሳ ደግሞ፣ ለሥራው ከራሱ ኪስ ከፍሎበታል ማለት ነው።

ይህን ስሌት የሚያስተምረው ኮስት አካውንቲንግ (የወጪ ሒሳብ) የሚባለው አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። የክፍያ መዘግየቱ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አትራፊ የሆነ ሥራ ጥሬ ገንዘብ ሊያሳጣ ይችላል፤ ዕቃውን ዛሬ ገዝተው፣ ረዳቶችዎን በየሳምንቱ ከፍለው፣ ደንበኛው ከ60 ቀን በኋላ የሚከፍልዎ ከሆነ፣ በመሐል ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ከየት የመጣ ገንዘብ ነው? መፍትሔው በአብዛኛው ያለው ውሉ ውስጥ ነው፤ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ፣ ቀሪውን በሥራው ደረጃ ከፋፍሎ መቀበል፣ ደንበኛው መያዣ አድርጎ የሚያስቀረው ገንዘብ መቼ እንደሚለቀቅ በቀን ወስኖ ማስፈረም።

ስለዚህ የማሳስብዎ ይህን ነው፤ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሰነዶች አውጥተው ገንዘብ ያጡባቸውን አጋጣሚዎች በምክንያታቸው ለይተው ይመዝግቧቸው። ከዚያ ያሰቡትን ዲግሪ የትምህርት ዝርዝር አጠገቡ አስቀምጠው፣ ከአርባው ገደማ የትምህርት ዓይነት ውስጥ ስንቱ ያጡትን ገንዘብ እንደሚመለከት ይቁጠሩ። ዲግሪውን ለመቃወም አይደለም፤ ምን እንደሚገዙ አውቀው እንዲገዙ ነው።

መልስ 2

እኔ በሶፍትዌር ሥራ በኮንትራት የምተዳደር ነኝ። ይህንኑ ዲግሪ ጀምሬ በሁለተኛው ዓመት አቋርጫለሁ፤ ያቋረጥኩበትን ምክንያት ከመመዝገቤ በፊት በወረቀት ላይ አስልቼው ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት አይባክንብኝም ነበር።

ሁሉም ሰው የሚያየው የትምህርት ክፍያውን ነው፤ ለእኛ ትልቁ ዋጋ ግን ሰዓት ነው። በአሜሪካው ሥርዓት የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው፤ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል፣ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጪ፣ ለ15 ሳምንታት ይታሰባል። ይህም 45 ሰዓት ሲሆን፣ ጠቅላላው 5,400 ሰዓት ይሆናል። በአውሮፓው ሥርዓት ደግሞ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ስለሚገመት፣ የሦስት ዓመቱ 180 ክሬዲት ከ4,500 እስከ 5,400 ሰዓት ይወስዳል። አቆጣጠሩ ቢለያይም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። 5,400ውን ሰዓት በስድስት ዓመት ቢያዳርሱት በየሳምንቱ 17 ሰዓት ይደርስብዎታል። ተቀጣሪ ሰው ይህን ሰዓት ከዕረፍቱ ያወጣና ደመወዙ ሳይነካ ወሩ ያልቃል። እኔና እርስዎ ግን የዕረፍታችንን ሰዓት የምናሳልፈው ዋጋ በማቅረብ፣ ደንበኛ በመፈለግና ሒሳብ በመጻፍ ነው። እኔ ትምህርቱን ስጀምር ቀድሞ የቀረው አዲስ ደንበኛ መፈለጌ ነበር፤ ጉዳቱ የታየኝ ከስድስት ወር በኋላ፣ በእጄ ላይ የነበሩት ሥራዎች አልቀው ምትክ ባጣሁ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር የትምህርቱ ባሕርይ ነው። ዋርተን የተባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት በአሜሪካው ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ1881 ሲመሠረት፣ ሃርቫርድም እ.ኤ.አ. በ1908 የቢዝነስ ማስተርስ መርሐ ግብሩን ሲከፍት፣ ዘመኑ ትልልቅ ድርጅቶች በብዛት የተነሡበትና የሚመሯቸው ሰዎች የሚፈለጉበት ነበር። የትምህርቱ አቀራረብ ዛሬም ያንኑ መልክ ይዟል። እኔ በተማርኩባቸው ወራት ስለ አክሲዮን ሽያጭና ብዙ ሺህ ሠራተኛ ስላለው ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ብዙ ጻፍኩ፤ ብቻውን ስለሚሠራ ባለሙያ አንድም ምሳሌ አልገጠመኝም።

ስለ ወረቀቱ ክብደትም ላንሳ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ሐሳብ፣ ዲግሪ ቀጣሪው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን የአመልካቹን ችሎታ የሚጠቁም ምልክት ሆኖ ያገለግላል፤ በዚህ ዘርፍ ባደረገው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የእኛ ደንበኛ ግን የሠራነውን ሄዶ ማየት፣ ያሠራንንም ሰው ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ካቋረጥኩ በኋላ የወጪ ሒሳብና የውል ሕግ ብቻ በተናጠል ተማርኩ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይጠቅሙኛል።

መልስ 3

ልጄ፣ እንዲህ ብዬ ብጠራሽ በማታዝኚብኝ ዕድሜ ላይ ስለሆንኩ በአንቺታ ልጻፍልሽ። ለ26 ዓመታት በሕንፃ ቀለም ቅብ ሥራ በኮንትራት ሠርቻለሁ። ከላይ የጻፉት ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ስለ ሰውነትሽ ማንም ስላላነሣ አዝኜ ነው የምጽፈው።

መሰላል ላይ ወጥቶ፣ እጅን ከራስ በላይ አንሥቶ መሥራት እስከ ስንት ዓመት ይቻላል ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ በ41 ዓመቴ ትከሻዬን ታምሜ አራት ወር ከሥራ ስቀር፣ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠኝ ወይም ደመወዝ የሚከፍለኝ ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ትምህርት የጀመርኩት፤ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኝ በ48 ዓመቴ ተመረቅሁ። ዛሬ ብሩሽ አልይዝም፤ የብዙ ባለሙያዎችን ሥራ የማቀናጅ የፕሮጀክት ኃላፊ ነኝ። ለዚህ ሥራ ባመለከትኩበት ቀን የቀባኋቸውን ሕንፃዎች ሄዶ ያየልኝ ሰው አልነበረም፤ ቅጹ የጠየቀኝ የትምህርት ደረጃዬን ነበር። ወንድማችን ስለ ምልክት ያነሣው ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን አንቺ ሁልጊዜ ሥራሽን በሚያይ ደንበኛ ፊት ብቻ አትቆሚም። የትልልቅ ተቋማትን ጨረታ የሚመረምር ኮሚቴ ፊትሽንም እጅሽንም ሳያይ በሰነድ ብቻ ሊወስንብሽ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄሽን እንዲህ ብትከፍዪው ይሻላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ላለመክሰር ከሆነ ዲግሪው በጣም ረጅም መንገድ ነው፤ በ50 ዓመትሽ ሌላ ሰው ሽቦውን እየዘረጋ አንቺ እንድትመሪ ከሆነ ግን 34 ዓመት ለመጀመር ጥሩ ዕድሜ ነው። እኔ በሕመም ተገድጄ ባልጀምር ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመልስ 1 እንደተመከርኩት የሦስት ዓመት ሰነዶቼን በሁለት ቅዳሜና እሑድ አገላብጬ ለየሁ። ካጣሁት ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከውሉ ውጪ በቃል ታዝዤ ከሠራኋቸው ተጨማሪ ሥራዎች የመጣ መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ፤ እኔ ዋጋ አሰጣጤ ይመስለኝ ነበር። የዋጋ ስሌቱ ስሕተት ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ያስጨነቀኝ የክፍያ መዘግየት ደግሞ እንቅልፍ ቢነሳኝም ያሳጣኝ ገንዘብ ጥቂት ነው። ዋናውን ኪሳራ ለማስቆም ደንበኛው ተጨማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈርምበት አንድ ገጽ የለውጥ ትእዛዝ ቅጽ በቂ ስለሆነ፣ እሱን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መጠቀም ጀምሬአለሁ።

የእማማ መልስ ግን ሌላውን ሐሳቤን ነካው፤ ጉልበቴም አሁን አሁን ከመሰላል ስወርድ ያመኛል። ስለዚህ ዲግሪውን ሙሉ በሙሉ ሳልተው፣ ኮስት አካውንቲንግንና የውል ሕግን በሁለት ሴሚስተር በተናጠል ወስጄ፣ ከሰዓቴ ጋር መስማማቱን አይቼ ወደ ዲግሪው ምዝገባ ለመግባት ወስኛለሁ። በተናጠል የወሰድኳቸው ትምህርቶች በኋላ ለዲግሪው ይያዙልኝ እንደሆነ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልጠይቅ?

መልስ 1

በመጀመሪያ ተቋሙ የሚመለከተው አካል ዕውቅና ያለው መሆኑን ከተቋሙ ሳይሆን ከዚያው አካል ያረጋግጡ። ከዚያ ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አራት ነገር ይጠይቁ፤ በተናጠል የተወሰደ ክሬዲት ለዲግሪ የሚያዘው እስከ ስንት ነው፤ ለመያዝ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውጤት ስንት ነው፤ ክሬዲቱ ከስንት ዓመት በኋላ ይቃጠላል፤ ፈተና ከሥራ ቀን ጋር ቢጋጭስ መፍትሔው ምንድን ነው። መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ቃል የሰጠዎት ሠራተኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። የክፍያ ደረሰኞችዎንም አይጣሉ፤ አንዳንድ የግብር ሕጎች አሁን ላሉበት ሥራ የሚጠቅምን ትምህርት እንደ ወጪ ሲቀበሉ፣ ወደ አዲስ ሙያ የሚያሸጋግረውን አይቀበሉም፤ የእርስዎ በየትኛው እንደሚመደብ ሒሳብዎን ከሚይዝልዎ ሰው ጋር ከመመዝገብዎ በፊት ይነጋገሩ።