ሳሩ ቡናማ ሆነ፣ የአሸንዳው ውሃ ቤዝመንት ገባ፤ ከየቱ ልጀምር?

አዲስ ባለግቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ማርች ላይ ቤት ገዛን። ስናየው ሳሩ ለምለም ስለነበር ባለቤቴ የፈረመው ለቤቱ ሳይሆን ለሳሩ ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር። ጁላይ ሲገባ ፊት ለፊት ያለው በሙሉ ቡናማ ሆነ። ማታ ከሥራ ስገባ ጎማ ይዤ አጠጣለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ይባስ ብሎ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ስለ ሳሩ ደብዳቤ ላከልን።

ከኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዶፍ በጣለ ቁጥር የቤዝመንቱ አንዱ ጥግ ይረጥባል። አሸንዳው ውሃውን የሚተፋው እዚያው ግድግዳው ሥር ነው።

እናቴ ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ናት። ጓሮ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቡና የምታፈላበት ደልደል ያለ ቦታ፣ ከበሩ እስከዚያ ድረስም ጭቃ የሌለበት መንገድ ትፈልጋለች። አንድ ባለሙያ ጠርተን ለመንገዱና ለመቀመጫው 6,500 ዶላር አለን። እማዬ በብር ስታሰላው ጊዜ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። የእሷ ሐሳብ ሳሩ ተነቅሎ ጎመን ይዘራበት ነው።

ባለቤቴም እኔም አካፋ መያዝ አንፈራም። ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ስለ ግቢ የማውቀው ነገር የለም። ከየቱ ልጀምር?

የጀርመንታውኑ

ቀላል ነው። ዊድ ኤንድ ፊድ የሚባለውን፣ ማዳበሪያና ፀረ-አረም የተቀላቀለበትን፣ ገዝተሽ በትኚበት፣ ውሃም አብዢለት። እኔ በየሰመሩ እሱን ነው የማደርገው።

ጋሽ አካፋ

እንኳን ለቤቱ አበቃሽ ልጄ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሰው ግቢ ስሠራ ነው የኖርኩት። ከላይ ወንድማችን ያለውን ለጊዜው አቆዪው፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ሳርሽ አልሞተም፣ ተኝቷል። በእኛ ሰፈሮች በብዛት የሚዘራው ቶል ፌስኪው ነው። እሱ ቅዝቃዜ ወዳጅ ነው፤ የሚያድገው በስፕሪንግና በፎል ነው። ሙቀቱ ሲበረታና ዝናቡ ሲጠፋ ቅጠሉን ያደርቅና ነፍሱን ከሥር ይዞ ይቆያል። አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ሳብ አድርጊው። ጠበቅ ብሎ ከያዘና ከግርጌው ያለው አንጓ ነጣ ብሎ እርጥበት ካለው ደህና ነው። ከነሥሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሣልሽ ግን ነጭ ትል በልቶታል፤ የጃፓን ጥንዚዛ ልጆች ናቸው። የእነሱ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ኦገስት መጨረሻ ላይ ስለሆነ አሁን አይመስለኝም።

ማታ ማጠጣቱን ተዪ። እዚህ ጁላይ ሌሊቱ ራሱ ይወብቃል፤ ቅጠሉ ርሶ ሲያድር ብራውን ፓች የሚባለው ፈንገስ ይይዘዋል። ወይ ጎህ ሲቀድ አጠጪ፣ ወይ ጨርሰሽ ተዪውና ይተኛ። ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እያሉ መቀስቀስ ነው የሚጎዳው። ካጠጣሽ በሳምንት አንድ ኢንች ያህል፣ በአንዴ ወይ በሁለቴ። ባዶ የቱና ጣሳ መሬት ላይ አስቀምጪና ስፕሪንክለሩ አንድ ኢንች ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት እዪ። ከዚያ በኋላ በሰዓት ትሠሪያለሽ።

ማጨጃውን ሦስት ኢንች ተኩል ላይ አድርጊው። አጭር ሳር ያምራል ብሎ የሚላጭ ሰው አረም ነው የሚጋብዘው፤ ረዘም ያለ ሳር ለአፈሩ ጥላ ይሆነዋል። ምላጩንም አስሞርጂ። የደነዘዘ ምላጭ ሳሩን ይገነጥለዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ዘሩን በምንም ምክንያት አሁን እንዳትዘሪ። የፌስኪው ዘር ጊዜው ከፍልሰታ ፍቺ እስከ መስቀል ነው ብለሽ ያዢ። አፈሩ ገና ሙቅ ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ጀምሯል፣ የሰመሩ አረምም አቅሙ ደክሟል። ያን ጊዜ አፈር እየነቀለ የሚበሳውን ኤሬተር በኪራይ አምጥታችሁ ሁለት ጊዜ አመላልሱት፤ የዚህ አገር ቀይ ሸክላ ካልተበሳ ዘር አይቀበልም። ባለው ሳር ላይ ለመደረብ ለ1,000 ካሬ ጫማ ከ4 እስከ 6 ፓውንድ ዘር ይበቃል።

ለማኅበሩም ይህንኑ በሁለት መስመር ጻፊላቸው፦ ሳሩ በሙቀት ተኝቷል፣ ሴፕቴምበር ላይ ይዘራል። ደብዳቤ የሚልከው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው መልስ ብቻ ነው።

የጀርመንታውኑ

ጋሼ፣ እኔ ጋ ግን ይሠራል። ችግር ካለበት ሱቁ ለምን ይሸጠዋል?

ጋሽ አካፋ

ወንድሜ፣ ሱቁ መሸጡ ክልክል አይደለም፤ ሳር ላይ መበተኑ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2015 ባወጣው ሕግ የግል ግቢ ሳር ላይ ለውበት ሲባል ብቻ የሚረጨውን አብዛኛውን ፀረ-አረም ከልክሏል። ፍርድ ቤት ተሟግተውበት በ2019 ይግባኝ ሰሚው ለካውንቲው ፈረደ። ከተማህ የራሱ አስተዳደር ካለው ጠይቅ፣ ደንቡ ሊለይ ይችላል።

ሕጉን ተወውና፣ የተኛ ሳር በዚህ ሙቀት ናይትሮጅን ሲያገኝ ያለ አቅሙ ይነሣል፣ ፈንገሱም ይወድለታል። መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት ላይ ሳሩን ራሱን ያቃጥላል። ማዳበሪያም ቢሆን ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ሕግ አለ፤ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 መበተን አይቻልም፣ የአፈር ምርመራ ሳይኖርህ ፎስፈረስ ያለበትንም መጠቀም አትችልም። ሁሉም ታጥቦ የሚገባው ቼሳፒክ ቤይ ነው።

ቬጋስ ነኝ

የእናንተ ጭንቀት አስቀናኝ። እዚህ የውሃ ባለሥልጣኑ ሳር ስትነቅሉ በካሬ ጫማ ሒሳብ ገንዘብ ይከፍላል። በ2021 ደግሞ ኔቫዳ ሕግ አወጣች፤ ከ2026 መጨረሻ በኋላ ማንም የማይረግጠውን፣ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሳር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት አይቻልም። የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶችን አይመለከትም፤ የመንገድ አካፋይ፣ የአፓርታማና የቢሮ ደጅ ነው የታሰበው። እኔ ግን ነቅዬ ጠጠርና የበረሃ ተክል አስገባሁበት፣ የነጠብጣብ መስኖም ዘረጋሁ። ሳር ማጨድ ድሮ ቀረ። የእናትሽን የጎመን ሐሳብ አትናቂ እህቴ።

አዲስ ባለግቢ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳሩን በእጄ ሳብኩት፣ ይዟል! ባለቤቴ ደስታውን አልቻለም። ስለ ቤዝመንቱና ስለ መንገዱስ ምን ይላሉ?

ጋሽ አካፋ

ወደ ዋናው መጣሽ። እኔ ብሆን ሳሩን ሦስተኛ ተራ ላይ አደርገዋለሁ። ሳር ቢሞት ሴፕቴምበር ላይ ይዘራል፤ መሠረት ውስጥ የገባ ውሃ ግን ኪስ ያወልቃል።

1,000 ካሬ ጫማ ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲወርድ ከ600 ጋሎን በላይ ውሃ ነው። አሸንዳሽ ያን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ መጀመሪያ መሰላል አቁማችሁ አሸንዳውን ከቅጠል አጽዱ፤ ከተደፈነ በጎን እየፈሰሰ ግድግዳውን ተከትሎ ነው የሚወርደው። ቀጥሎ መውረጃው ጫፍ ላይ ማራዘሚያ ቱቦ ግጠሙ፤ ቢያንስ ስድስት ጫማ፣ ከቻላችሁ አሥር ይራቅ። ሆም ዲፖ ውስጥ ርካሽ ነው። ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳታዞሩት ብቻ፣ ጠብ ያመጣል።

ከዚያ አፈሩን እዪ። ከግድግዳው ጀምሮ በአሥር ጫማ ውስጥ ስድስት ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ሁለት ችካል ተክለሽ፣ ሲባጎ ወጥረሽ፣ በውሃ ልክ አስተካክለሽ ከሲባጎው እስከ መሬት ለኪ። በድሮ ቤቶች ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ሰምጦ ቁልቁለቱ ወደ ቤት ይዞራል፤ ሰው አበባ ይተክልበትና አይታየውም። የሚሞላው በምን እንደሆነ ልብ በዪ፦ በአሸዋ አይደለም፣ ማልች በሚባለው የተከተፈ እንጨትም አይደለም። ሁለቱም ውሃ ያሳልፋሉ፤ ላይ ላዩን የሞላሽ ይመስልሻል፣ ውሃው ከሥር መንገዱን ይቀጥላል። ሸክላ ያለበት አፈር አምጥታችሁ በየስሱ እየደመደማችሁ ሙሉ። ሲሞላ ግን የግድግዳው መሠረት ከላዩ አራት ወይ ስድስት ኢንች ይታይ። አፈር የቤቱን እንጨት ወይ ልባስ ከነካ ምስጥ ጠራሽ ማለት ነው።

የቱቦው ውሃ የሚያርፍበትን ዝቅ ያለ ቦታ ብትወጂ የዝናብ ውሃ የሚጠጣ የአበባ መደብ ታደርጊዋለሽ፤ ከቤቱ መሠረት አሥር ጫማ ይራቅ። ካውንቲው ሬይንስኬፕስ በሚባል ፕሮግራሙ ከወጪው ይመልሳል፣ ግን ማመልከቻው ሥራው ሳይጀመር ነው የሚገባው። ማኅበሩ አይሆንም ካለሽ፣ ከ2021 ጀምሮ የሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ያለውን መደብ ያለ በቂ ምክንያት መከልከልን አይፈቅድላቸውም። ሕጉ ግን የተንከባከብሽውን ነው የሚጠብቅልሽ፤ አረም ውጦት የተተወ ግቢ ሰበብ አይሆንለትም።

መንገዱን ራሳችሁ ሥሩት። ዶማ ከማንሳታችሁ ጥቂት ቀን አስቀድማችሁ 811 ደውሉ። በነጻ ነው፤ የጋዝ፣ የመብራትና የኬብል መስመር የሚያልፍበትን መጥተው በቀለም ያሰምሩላችኋል። ከዚያ ስድስት ኢንች ያህል ቆፍሩ። አራት ኢንች ሲአር ሲክስ ይሞላበታል፤ እዚህ ድንጋይ መሸጫ ሁሉ የሚያውቀው ዱቄቱ ያልተለየ የተፈጨ ድንጋይ ነው። በሁለት ዙር አድርጋችሁ፣ ውሃ ረጨት እያደረጋችሁ ደምድሙት። ላዩ ላይ አንድ ኢንች ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ። በየአራት ጫማው አንድ ኢንች ከቤቱ ዝቅ እያለ ይሂድ። ድንጋዩን ከመዘርጋታችሁ በፊት እናትሽን በመሬቱ ላይ አስኪጂያትና እግሯ የሚያርፍበትን አይተሽ ድንጋዮቹን በዚያው ልክ አራርቂያቸው። የእኔና የአንቺ እርምጃ ለእሷ አይሆናትም።

ዛፉ ሥር ግን አትቆፍሩ። ሥሩን ከቆረጣችሁ ወይ አፈር ከከመራችሁበት ዛፉ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚደርቀው፣ ያኔ ማስቆረጫው ኪስ ይጎዳል። እዚያ ሁለት ወይ ሦስት ኢንች የእንጨት ማልች አልብሱት፣ ግንዱን ሳይነካ። ሰው ግንዱ ላይ የሚከምረው ተራራ ልጡን ያበሰብሰዋል፤ ሰፈሩን ብትዞሪ ከሁለት ቤት አንዱ እንዲያ ነው፣ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። የከሰል ምድጃው ግን ማልች ላይ አይቀመጥ። ለእሱ ሰፊ ድንጋይ አስቀምጡለት፣ ውሃም አጠገቡ አይጥፋ።

እትዬ ጤና አዳም (አሌክሳንድሪያ)

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ የኔ ልጅ። ከመንገዱ ዳር ጤና አዳም ትከሉ። ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ካገኘ የዚህን አገር ብርድ ችሎ ያድራል፣ አጋዘን ደግሞ ሽታውን አይወደውም። ሲያጭዱት ብቻ ይጠንቀቁ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሰው፣ ፀሐይ ሳይበረታ። አረንጓዴ፣ ጥቁር መስመርና ቢጫ ነጥብ ያለው አባጨጓሬ ካያችሁበት ተዉት፣ የሚያምረው ጥቁር ቢራቢሮ ልጅ ነው። ጤና አዳሙ መልሶ ያቆጠቁጣል።

በሶብላ አመዳይ ሲጥል ይሄዳል፣ ዘሩን አስቀምጡ። ኮሰረትና ጌሾ ማሰሮ ውስጥ ይሁኑና ብርድ ሲመጣ ቤት ይግቡ። ጎመኑን ኦገስት ላይ ብትዘሩት ከአሁኑ የተሻለ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር ያጣፍጠዋል፣ ትሉ ጎመን የሚበላው ነጭ ቢራቢሮም ይቀንሳል። የማሰሮዎቹ ሥር ውሃ እንዳይጠራቀም። በቀን የምትናከሰው ባለ ዝንጉርጉር እግሯ ትንኝ ለመፈልፈል የጠርሙስ ክዳን የምታክል ውሃ ይበቃታል።

አዲስ ባለግቢ

እትዬ፣ እማዬ ይህን ሳነብላት ጤና አዳሙን ዛሬውኑ አምጪ አለችኝ። 811 ደውለናል። ቱቦውንም ገጥመነው ትናንት በጣለው ዝናብ ጥጉ ደርቆ አደረ፣ አፈሩን ግን ገና አልሞላንም። ጋሼ፣ መንገዱ 30 ጫማ በ3 ጫማ ነው። ሲአር ሲክሱን ስንት ልዘዝ?

ጋሽ አካፋ

በአራት ኢንች 30 ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ ከአንድ ኪዩቢክ ያርድ ትንሽ ይበልጣል፣ ቶን ተኩል ያህል። ሲደመደም ስለሚወርድ ሁለት ቶን እዘዙ፤ የተረፈው ከመቀመጫው ድንጋይ ሥር ይገባል። መኪናው ድራይቭዌዩ ላይ ነው የሚገለብጠው፣ ሸራ አንጥፉለት። ጠዋት እንዲያመጡት ንገሪያቸው፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ጋሪ አትግፉ። አፈሩን ግን ከመንገዱ በፊት ጨርሱት፤ ድንጋዩ ከተዘረጋ በኋላ ጋሪ ይዞ በላዩ መመላለስ ያናጋዋል።