ለጋራ ዕቅዳችን፦ ከባህል ቀኑ በፊት የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጉዳይ

ሰብሳቢ፦ እንደምን አመሻችሁ። ረቂቁ ላይ እስካሁን ያለው የባህል ቀን ብቻ ነው። መድረክ፣ ልብስ፣ ጭፈራ። ይበቃል ትላላችሁ?

የመጋላ ሰፈር አባል፦ አይበቃም። ድሬ ላይ ሰርግ አብሮ መጨፈር ለማንም አዲስ አይደለም። የሚጎድለን ሌላ ነው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ውሃው የሚመጣው ከደጋው ነው፤ እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ቀድመው የሚያዩት የላይኛው ገበሬዎች ናቸው፤ የሚነግሩን በኦሮምኛ ነው። ታች ደግሞ ሶማልኛ ብቻ የምትሰማ እናት አለች፣ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሽማግሌ አለ። ወሬው መሀል ላይ እንዳይቀር በየመንደሩ በሦስቱም ቋንቋ የሚደውሉ ሰዎች ይመደቡ። ለእኔ የዕቅዱ ዋና ነገር ይሄ ነው።

የከዚራ ሰፈር አባል፦ እስማማለሁ። ግን ምግቡንም አስቡት። ያኔ ጎርፉ የመጣው ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ጿሚውም ሙስሊሙም አንድ መጠለያ ያድራል። በዕድራችን ድስት ምን እንደተሠራበት ካልታወቀ ማን ደፍሮ ይበላል? ቤቱን ያጣ ሰው "ይሄ ለኔ ይሆናል?" ብሎ ለመጠየቅ ሲሸማቀቅ ማየት ያማል። ድስቶቹ ይለዩ፤ ምልክት ይደረግባቸው።

ወጣት አባል፦ እትዬ፣ ሁሉም ከአንድ ድስት ቢበላ አይሻልም? አንድነት ፈልገን አይደል?

የከዚራ አባል፦ አይ የኔ ልጅ። ሥጋ ከሆነ ግማሹ ጦሙን ያድራል። የመጀመሪያው ቀን ምስር ወጥ በዘይት፣ በአዲስ ድስት ይሠራ፤ ሁሉም ይበላል። ሥጋው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ማን እንዳረደውም ይነገር።

ወጣት አባል፦ ገባኝ። እንግዲያው የባህል ቀኑም አይቅር። ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ እናድርገውና ማስጠንቀቂያውን ከመድረኩ በሦስቱም ቋንቋ እንለማመድ። ሰው በብዛት የሚወጣው ያን ቀን ነው።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። የቀብርና የሐዘን ሥርዓቱ ለብቻው ሰፊ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የድስቱን ዋጋ እትዬ ይጠይቁልን። ከደጋው ሰዎች ጋርስ ማን ይነጋገር?

የመጋላ አባል፦ እኔ አለሁ። ገበያ ሲወርዱ አገኛቸዋለሁ። ሶማልኛ የሚችል አንድ ሰው ግን አብሮኝ ይሁን፤ ስልክ ቁጥሮቹን እዚያው እንመዘግባለን።