ፈገግ የሚያሰኙ የእንስሳት ሥዕሎቼን ለስጦታ ዕቃ ሱቅ በብዛት ላስረክብ ወይስ በራሴ ልሽጥ?

ጥያቄ፦ የካዛንቺሷ ሠዓሊ

ውድ አባላት፣ በሥራ ቀናት በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ፤ ማታ ማታና እሑድ ደግሞ እንስሳትን በሰው አኳኋን የሚያሳዩ፣ ተመልካቹን ፈገግ የሚያሰኙ ሥዕሎችን በአክሪሊክ ቀለም እሥላለሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ቡና የምትቀዳ አህያ፣ ጃንጥላ ይዞ የራስ መኮንንን ድልድይ የሚሻገር ጅብ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጋዜጣ የሚያነብ ጭላዳ ከሠራኋቸው መካከል ናቸው። እስካሁን የገዙኝ የሥራ ባልደረቦቼና የእነርሱ ወዳጆች ብቻ ነበሩ።

አሁን ግን በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ አህያዋን ወደዷትና ያቺኑ ሥዕል በእጄ እየደጋገምሁ ሃያ ያህል ሠርቼ እንዳስረክባቸው፣ ክፍያውንም ሥዕሎቹ ሲሸጡ ብቻ እንድቀበል ሐሳብ አቀረቡልኝ። ያቀረቡት ዋጋ የሸራና የቀለም ወጪዬን ሸፍኖ ለድካሜ የሚያስቀርልኝ ጥቂት ነው። ሆኖም ሱቁ ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶች የሚያዘወትሩት በመሆኑ ዕድሉ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። አንድን ሥዕል እንዲህ ደጋግሞ መሥራት ያዋጣል? ዋጋስ በምን ስሌት ይተመናል? ሌላ ሰው አህያዋን በቲሸርት ወይም በኩባያ ላይ ቢያትማትስ ምን መብት ይኖረኛል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር

ልጄ፣ አንዱን ሥዕል ሃያ ጊዜ እንድትሠሪ የቀረበልሽን ሐሳብ ባትቀበዪው እመርጣለሁ። ደጋግሞ የሚገለብጥ እጅ ከጥቂት ቅጂ በኋላ እንስሳዋን ማየት ትቶ የራሱን ልማድ መሣል ይጀምራል፤ ፈገግታን የሚያመጣው ደግሞ ያ በትኩረት የታየው ነገር ነው እንጂ ነጠላው ወይም ጀበናው አይደለም። በዚያ ላይ ሃያዎቹ በርካሽ ዋጋ ከተሰቀሉ፣ ከአንቺ የመጀመሪያዋን የገዛ ሰው የያዘው ሥዕል ዋጋው ወረደበት ማለት ነው።

ስለ አሣሣሉ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም የሽያጩ ጉዳይ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል። እንስሳን ልብስ ማልበስ ቀላል ነው፤ ልብሱን ለብሶም ያው እንስሳ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ግን ጥናት ይጠይቃል። የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ በሁለት እግሩ አቁመሽ ካፖርት ብታለብሺውም ያ ከባድ ትከሻና ያ ዝቅ ያለ ወገብ ከካፖርቱ ሥር መታወቅ አለበት። የአህያ ጀርባ ላይ የሚወርደውና በትከሻዋ ላይ የሚያቋርጠው ጥቁር መስመር ነጠላው ሸርተት ባለበት ቦታ ብቅ ቢል፣ ገጠር ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ጭላዳም በደረቱ ላይ ያለው ጠጉር አልባ ቀይ ሥፍራ ከሸሚዙ ቁልፎች መካከል ሊታይ ይችላል። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን አንበሳ ሄደሽ ተመልከቺ። ፈረንሳዊው ቀራጭ ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲሠራው ቅርጹን ወደ ጥቂት ትላልቅ ብሎኮች አውርዶታል፣ ነገር ግን አንበሳ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። አራት ኪሎ በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ የማይንቀሳቀሱ እንስሳትን በእርሳስ ለማጥናት ይመቻል።

ርእስ ካጠረሽ ተረትና ምሳሌዎቻችን አሉ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ብቻውን አንድ ሙሉ ሥዕል ነው፤ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ም እንዲሁ። በእርግጥ ድመቷን ስታለብሺ የምእመናንን ስሜት እንዳትነኪ መጠንቀቅ ይገባል፤ እኔ ብሆን ቆቡን ትቼ ነጭ ጋቢ ብቻ አደርግላት ነበር። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን እንዲህ ያለውን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲያይ ተረቱን ለልጆቹ መተረክ ስለሚችል፣ የምትሸጪለት ከጌጥ የበለጠ ነገር ነው።

መልስ፦ ሕትመትና ፍሬም፣ ፒያሳ

የመምህሩን ምክር አከብራለሁ፤ ሱቁን ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለት ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ የቆየ እንግዳ በሻንጣው የሚይዘው ትንሽና ዋጋው የማይከብድ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ቅጂ ሳይሆን ጥራት ያለው ሕትመት ያቅርቡላቸው፤ ዋናው ሥዕል አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ነጋዴውም የሚሸጡት ያገኛሉ፣ እርስዎም ምሽትዎን ለአዲስ ሥዕል ያውላሉ።

በአሠራሩ ላይ የሚያስቸግረው ፎቶው ነው። ሥዕሉን በጥላ ሥር፣ ብርሃኑ እኩል በሚያርፍበት ሰዓት፣ ካሜራውን ከሥዕሉ መሐል ጋር ፊት ለፊት አስተካክለው ያንሡ። በኤ4 ወረቀት፣ ማለትም በ21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር፣ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ለማተም ፋይሉ ቢያንስ 2480 በ3508 ፒክስል መሆን ይኖርበታል፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ እንደ ፋይል ይላኩት። አታሚው የሚጠቀመው ቀለም በፒግመንት፣ ማለትም በብርሃን ቶሎ በማይደበዝዝ የቀለም ዱቄት፣ የተሠራ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀለምን ቶሎ ታነጣለች፤ ተራው የዳይ ቀለም፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው፣ መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ መደብዘዙ አይቀርም። እያንዳንዱን ሕትመት በእርሳስ ፈርመው ቁጥር ይስጡት፤ 50 ብቻ ይታተማል ካሉ ደግሞ ገበያው ቢያምርም ሃምሳ አንደኛውን አያሳትሙ።

መልስ፦ ሥዕል ሻጯ፣ አራት ኪሎ

እኅቴ፣ እኔ ስለ ዋጋው ልመልስልሽ። ብዙ ሠዓሊዎች በስፋት፣ ማለትም ቁመትን በወርድ አባዝተው ይተምናሉ፤ በዚህ ስሌት ግን ትንንሾቹ ሥዕሎች ከሚገባቸው በታች ይረክሳሉ፣ ትልልቆቹም ገዢ እስኪያጡ ይወደዳሉ። እኔ የምመርጠው ቁመትና ወርዱን ደምሮ ለአንድ ሳንቲ ሜትር በተወሰነ ተመን ማባዛትን ነው። ለምሳሌ ያህል ተመኑ 60 ብር ቢሆን፣ 30 በ40 የሆነው ሥዕል 4,200 ብር፣ 60 በ80 የሆነው ደግሞ 8,400 ብር ያወጣል። በስፋት ቢሰላ ኖሮ ትልቁ የትንሹን አራት እጥፍ፣ 16,800 ብር ይሆን ነበር። ተመኑን የምታወጪው የአንድ መካከለኛ ሥዕል ሙሉ ወጪሽንና የሠራሽባቸውን ሰዓታት ዋጋ ደምረሽ፣ ለቁመቱና ለወርዱ ድምር በማካፈል ነው፤ ሰዓቱን ከመሥሪያ ቤት ደመወዝሽ በታች አታስቢው።

ጋለሪ በአደራ ሲሸጥ ከመቶ ሠላሳ እስከ ሃምሳ መያዙ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ኮሚሽኑ ከዋጋው ውስጥ እንዲወጣ አድርጊና በቤትሽም በሱቅም አንድ ዋጋ ይኑርሽ። ቤትሽ መጥቶ የሚገዛ ሰው በርካሽ እንደሚያገኝ ያወቀ ባለሱቅ ሥዕልሽን ጥግ ያደርገዋል። ለነጋዴው ሕትመቱን በጅምላ፣ ገንዘቡ በእጅ ወይም በቴሌብር ሲከፈል ብቻ ስጪ። ዋናውን ሥዕል በአደራ ካስቀመጥሽ ግን ርእሱ፣ መጠኑ፣ ዋጋው፣ ከተሸጠ በኋላ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፈልሽና ሥዕሉ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ የተጻፈበት፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። የንግድ ፈቃድና የግብር ጉዳይ እንደ ገቢሽ መጠን ስለሚወሰን፣ ሽያጩ እየተደጋገመ ሲሄድ ሳትዘገዪ ወረዳሽ ሄደሽ ጠይቂ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ስለ መብትዎ በአጭሩ ላስረዳ። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕል ሥራዎች ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ስለሆነ ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ የኢኮኖሚ መብቱም፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመጠቀም መብቱ፣ በሠዓሊው ዕድሜ ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሆኖም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ቢነሣ በማስረጃነት ያገለግላል፤ ንድፎችዎንና በሥራ ሂደት ላይ ያነሷቸውን ቀን ያላቸው ፎቶግራፎችም አይጣሉ።

አህያዋን የገዛ ሰው የገዛው ሸራውን ነው፤ በኩባያ ላይ የማተም መብት አብሮት አይሄድም። ለነጋዴው የማተም ፈቃድ የሚሰጡ ከሆነ በምን ዕቃ ላይ፣ ስንት ቅጂና እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። በአንጻሩ ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ በመሆኑ፣ ሌላ ሠዓሊ ቡና የምትቀዳ አህያ በራሱ አኳኋን ቢሥል ሊከለክሉት አይችሉም። እርስዎም የሌላ ሰው ፎቶግራፍ አይተው ሲሥሉ ይኸው ጥንቃቄ ይመለከትዎታል፤ ከራስዎ ንድፍ መነሣቱ ይሻላል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የካዛንቺሷ ሠዓሊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነጋዴው ሕትመቱን በጅምላ ለመሞከር ተስማምተዋል፤ አህያዋን ደግሜ አልሠራትም፣ ቀጣዩ ሥራዬም ቁርበት የሚነጠፍለት ጅብ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዋሽንግተን የሚኖር የባልደረባዬ ወንድም ጃንጥላ የያዘውን ጅብ መግዛት ይፈልጋል። ሥዕሉ 60 በ80 ሆኖ በእንጨት ላይ የተወጠረ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ክረምት ነው። ሳይጎዳ እንዴት ልላከው?

መልስ፦ ሕትመትና ፍሬም፣ ፒያሳ

ከእንጨቱ ላይ አንሥተው ጠቅልለው ይላኩት፤ ክብደቱም የመላኪያ ዋጋውም ይቀንሳል። ብዙ ሰው የተሣለውን ፊት ወደ ውስጥ አድርጎ ይጠቀልላል፤ ትክክሉ ግን ወደ ውጭ ማድረግ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ እርስ በርሱ ተጨምቆ ይሸበሸባል። ፊቱ ላይ ለስላሳ፣ ጽሑፍ የሌለበት ወረቀት ያልብሱ እንጂ ፕላስቲክ በቀጥታ አያሳርፉበት፤ አክሪሊክ ከደረቀም በኋላ ሙቀትና ጫና ሲያገኝ ይጣበቃል። ሰፋ ባለ ቱቦ ላይ ሳይጠብቅ ጠቅልለው ያንን በሌላ ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ያስገቡት። ቫርኒሽ ለመቀባት ካሰቡ በዚህ እርጥበት አይቸኩሉ፤ ሥዕሉ ክፍል ውስጥ አየር እያገኘ በደንብ ይድረቅ፣ ወደ ቀዝቃዛ ግድግዳም አያስደግፉት፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከጀርባው ነው።

ከሥዕሉ ጋር ርእሱን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሠዓሊዋን ስምና የሽያጩን ዋጋ የሚገልጽ የተፈረመ ደረሰኝ ይላኩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ፣ በጉምሩክ ጥያቄ ቢነሣ ሥዕሉ አዲስ ሥራ መሆኑን ወረቀቱ ያስረዳል። ገንዘቡንም ቱቦው ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ይቀበሉ።